ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ምድር በታች ምን አለ?

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚመለከተው መሠረቱን ነው። መሠረቱ ያልተመረመረ ቤት ግድግዳው ቢለሰን፣ ጣራው ባዲስ ቆርቆሮ ቢከደን፣ ባለቤቱ ከሥጋት አይድንም። ነገር ግን መሠረቱ ያረፈበትን አፈር፣ አፈሩ ያረፈበትን ዐለት፣ ዐለቱም ያረፈበትን ጥልቅ ነገር እየተከታተለ የሚጠይቅ ሰው በመካከላችን ብዙ አይደለም። እኔም ካልጠየቁት ወገን ነበርሁ። እንድጠይቅ ያደረጉኝ ከቡሬ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የመጡት አጎቴ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግማ ትንቀጠቀጥ እንደ ነበረ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎችም በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ እንደ ተዛወረ አንባቢ ያስታውሰዋል። ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ይልቁንም በፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አንድ ሌሊት፣ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ፤ አምፖሉም ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። አጎቴ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ከመኝታቸው ተነሥተው በበሩ መቃን ሥር ቆሙ። ንዝረቱ ካለፈ በኋላ ተቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር እኛስ ዘንድ ይመጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይመስለኝም ጋሼ» አልኋቸው።

«አይመስለኝም ማለት አላውቅም ማለት ነው? እኔ በቡሬ ከተማ ለእኅትህ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላቆምላት ብዬ ድንጋይና አሸዋ አስደፍቼ ነው የመጣሁት። ብድርም አለብኝ። ምድሩን ሳላውቅ ልጀምር ወይስ ልተው? ይህን ያህል ዓመት ስትማር ከሥራችን ያለውን አላስተማሩህም?»

እኔ የተመረቅሁት በኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋና ስለ ባንክ ቢጠይቁኝ ጥቂት መናገር እችል ነበር። ስለዚህ ጥያቄ ግን የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። አፈርሁ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላልና፣ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ስለ ጎጃም ምድር የውስጥ አቋም የተጻፈውን አግኝቼ ማንበብ፣ የሚያውቁትንም ሰዎች መጠየቅ ጀመርሁ። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ከዚያ ንባብ ያገኘሁትን ነው። መጨረሻው ለአጎቴ የተሰጠ መልስ ይሆናል።

ዓባይ የገለጠው ገጽ

አዲስ አበባን ለቆ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ሲያልፍ መኪናው ወደ ዓባይ በረሓ መውረድ ይጀምራል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ በዚያ መንገድ የሚያስበው ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ጠመዝማዛነት ነው። ገደሉን አተኵሮ ለሚያይ ሰው ግን ምድር እንደ መጽሐፍ ተገልጣ ትታየዋለች። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ይኸውም ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰም ያለበት ድርብርብ፣ በመጨረሻም እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ይከተላሉ። የኖራ ድንጋዩ በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። ዛሬ ጤፍና በቆሎ የሚበቅልበት አገር በጥንት ዘመን የባሕር ወለል እንደ ነበረ የሚመሰክረው ይኸው ድንጋይ ነው።

ዓባይ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት ቆርጦ ያሳየን ታዲያ ከላይ ያለውን ጥቂት ብቻ ነው። ጠበብት የመሬት ቅርፊት ብለው የሚጠሩት ጠንካራው የላይኛው ክፍል በአህጉሮች ላይ በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከእርሱ በታች ማንትል የተባለው እጅግ ወፍራምና ትኩስ የሆነ ክፍል ይጀምራል። ሰው በመሰርሰሪያ ወደዚያ ለመድረስ ሞክሮ አልቻለም። በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ በኮላ ምድር እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው የዓለም ጥልቁ ጉድጓድ፣ ከ19 ዓመት ድካም በኋላ በ1989 የደረሰው 12,262 ሜትር ላይ ነው። ይህ ከጎጃም ደጋ ቅርፊት ጋር ቢመዛዘን ሢሶውን እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማወቅ የቀረው መንገድ መስማት ነው። ሐኪም የታማሚውን ደረት ሳይከፍት በጆሮ ማዳመጫው ሳንባውን እንደሚመረምር፣ የመሬት መርማሪዎችም በዐለት ውስጥ የሚያልፈውን ንዝረት በመሣሪያ እየሰሙ የውስጡን ቅርጽ ይሥላሉ። ለዚህ ዕውቀት በር የከፈተው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች የተባለ የክሮኤሺያ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በዛግሬብ አጠገብ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመረምር፣ ከአንድ ንዝረት ሁለት ሞገዶች በተለያየ ሰዓት እንደ ደረሱ ተመለከተ። አንደኛው በዝግታ መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥልቁ በኩል በፈጣን መንገድ መጥቷል። ከዚህ ተነሥቶ በቅርፊቱና በማንትሉ መካከል ድንበር እንዳለ ደመደመ። ያ ድንበር እስከ ዛሬ በስሙ ባጭሩ ሞሆ ይባላል።

ታንኳና ተራራ

ተራራ ሥር አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከሞሆሮቪቺችም ይቀድማል። እንግሊዞች ሕንድን በሚለኩበት ዘመን፣ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ቱምቢ በሂማልያ ተራሮች አጠገብ ወደ ተራራው ዘንበል ማለት ይገባው ነበር፤ ምክንያቱም ትልቅ ክብደት ወደ ራሱ ይስባል። ቱምቢው ዘንበል አለ፤ ነገር ግን ከተገመተው እጅግ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ጆርጅ ኤሪ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ተራራው ከሥሩ ቀላል የሆነ ወፍራም ሥር ስላለው ነው ሲል ምክንያቱን ገለጠ።

ይህን ለመረዳት ለእኛ የጣና ታንኳ ይበቃናል። የደንገል ታንኳ ባዶውን ሲሆን ከውኃው በላይ ያለውም ከውኃው በታች ያለውም ጥቂት ነው። እንጨት ሲከመርበት ክምሩ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ታንኳውም በዚያው ልክ ወደ ታች ይሰምጣል። ከላይ ከፍ ያለ ሁሉ ከታች ጠለቅ ያለ ነው። ቅርፊትም በማንትል ላይ እንዲሁ ተንሳፍፎ ይገኛል። ማንትል እንደ ውኃ የሚፈስ አይደለም፤ ነገር ግን በሚሊዮን ዓመት ሲለካ ቀስ ብሎ ይለጠጣል፣ ይሸሻል። የሂማልያና የቲቤት ምድር ይህን አስተሳሰብ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ቻይናውያንና አሜሪካውያን ሊቃውንት በሌሎችም ረዳትነት በቲቤት ያካሄዱት የሞገድ ምርመራ እንዳሳየው፣ በዚያ ያለው ቅርፊት 70 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራል። የሕንድ ምድር ከእስያ ምድር ጋር ተጋጭቶ ከሥሩ ስለ ገባ ቅርፊቱ እጥፍ ሊሆን ደርሷል።

እንግዲህ የእኛው ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከግርጌው ጀምሮ እስከ ደምበጫ፣ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ድረስ ያለው አገርም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ጮቄን ግን ያቆመው የሁለት አህጉሮች ግጭት አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ በሰፊው የሸፈነ የባዛልት ጎርፍ ከመሬት ውስጥ ፈሰሰ፤ ውፍረቱም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጮቄ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚያ ላይ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከጣና በስተደቡብ ባለው አገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው ባዛልት ይገኛል፤ በእንጅባራ አጠገብ ያለው ክብ የዘንገና ሐይቅም በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቆፈረ ጎድጓዳ ነው። እንዲህ ያለው ተራራ የቲቤትን የመሰለ ሥር አለውን? ወይስ ሌላ የሚደግፈው ነገር አለ? ጥያቄው ይህ ነው።

አቋራጩና አስፋልቱ

ጠበብት ይህን የሚለኩባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። ሁለቱም የመንገደኛና የገበሬ ዕውቀት ላለው ሰው የሚያስቸግሩ አይደሉም።

አንደኛው፣ ሰው ራሱ ንዝረት ፈጥሮ የሚሰማበት ነው። በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈርና ድማሚት ተቀብሮ በታወቀ ሰከንድ ይፈነዳል። በመስመር የተተከሉ ብዙ መሣሪያዎች ሞገዱ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ከአስፋልት ርቆ በሚገኝ ገጠር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ገበያ ሄዱ እንበል። አንደኛው በእግሩ በአቋራጭ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ዞር ብሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ወርዶ በአስፋልቱ አውቶቡስ ይሳፈራል። ገበያው ቅርብ ከሆነ ባለ አቋራጩ ይቀድማል። ገበያው ሩቅ ከሆነ ግን፣ ወደ አስፋልቱ ለመውረድ ጊዜ ቢያጠፋም፣ ባለ አውቶቡሱ ይቀድማል። ሞገድም እንዲሁ ነው። በላይኛው ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ወደ ማንትል የወረደው ግን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ባለ አውቶቡሱ ባለ አቋራጩን የሚቀድምበትን ርቀት ያወቀ ሰው፣ አስፋልቱ ምን ያህል ከታች እንዳለ በሒሳብ ያገኘዋል። ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነበት አገር ይህ ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ የመሣሪያው መስመር እጅግ ረዥም መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ድማሚት አያስፈልገውም። በሩቅ አገር፣ ምናልባት በእስያ ወይም በደቡብ አሜሪካ፣ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሞገዱ በመሬት ሆድ ውስጥ አልፎ ከእኛ ሥር ይወጣል። ከማንትል ወደ ቅርፊት በሚሻገርበት ጊዜ ከፊሉ ወደ ዘገምተኛ ሞገድ ይለወጣል። ፈጣኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዘገምተኛው ይከተላል። የጎጃም ገበሬ በክረምት መብረቁን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ባለው ጊዜ ዝናቡ የደረሰበትን ስፍራ እንደሚገምት፣ መርማሪውም በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ የሞሆን ጥልቀት ይገምታል። 5 ሰከንድ ያህል ልዩነት ካለ ጥልቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከአባ ጉዌን እስከ ንስሩ ጥናት

ይህ ሥራ በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። የዓለም ጠበብት የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በሰየሙት ጊዜ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ለመሬት የመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። መሥራቹ አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬ አገር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቶ የማጀቴ ከተማ በፈራረሰች ጊዜ ነገሩን ተከታትለው መዝግበዋል። የኢትዮጵያንና የአፍሪቃ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት መጽሐፍም እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ያ ኦብዘርቫቶሪ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኖ ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. ንዝረት ጊዜ ለሕዝብ ማብራሪያ ሲሰጡ የሰማናቸው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ የዚሁ ኢንስቲትዩት ሰው ናቸው።

ታላቁ የቅርፊት ምርመራ የተደረገው በ1995 ዓ.ም. በጥር ወር ገደማ ነው። ፒተር ማጓየርን የመሳሰሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ከሌስተር፣ ከሊድስና ከለንደን፣ አሜሪካውያንም ከቴክሳስ፣ ከስታንፎርድና ከፔንሲልቬኒያ መጥተው፣ ከአዲስ አበባው ኦብዘርቫቶሪ ሊቃውንት ከነዶክተር ላዕከ ማርያም አስፋው ጋር ተባበሩ። የጥናቱ ስም በእንግሊዝኛ ባጭሩ ኢግል ነው፤ ይኸውም ንስር ማለት ነው። ከ1,000 በላይ መሣሪያዎች በምድሪቱ ላይ ተዘረጉ። አንደኛው መስመር ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ሄደ። ሁለተኛው ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ደጋ ወጣ። የያንዳንዱ ርዝመት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ ያለውን የመኪና መንገድ ያህል ማለት ነው። አንድ አውቶቡስ ከንጋት እስከ ማታ የሚደክምበትን ይህን ርቀት ሞገዱ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል።

የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። በደቡብ ምሥራቁ ደጋ ሥር ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ሥር ይሳሳል፤ ወደ አፋር በኩል ሲሄድ 26 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወርዳል። የዓባይ አገር በሚገኝበት በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር ግን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ውስጥ የታችኛው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሞገድ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥበት ነው። ይህ ፍጥነት ከተራ የቅርፊት ዐለት ይበልጣል፤ ከማንትል ግን ያንሳል። በደቡብ ምሥራቁ በኩል እንዲህ ያለ ንጣፍ አልተገኘም። መርማሪዎቹ ይህን ሲተረጕሙ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባዛልቱ ሲፈስ ወደ ላይ መውጣት ያልቻለው የቀለጠ ድንጋይ ከቅርፊቱ ሥር ተጠራቅሞ የረጋበት ነው አሉ። ትርጓሜው እውነት ከሆነ፣ በዓባይ ገደል አፋፍ ላይ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ድስት ሲፈላ ገንፍሎ የፈሰሰውን ያህል ነው፤ የሚበዛው በድስቱ ውስጥ ቀርቷል።

ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። 45 ኪሎ ሜትር ከተራው አህጉር ቅርፊት የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። የታችኛው ንጣፍም ከባድ ድንጋይ ስለሆነ ታንኳውን ወደ ላይ እምብዛም አያነሣውም። ታዲያ ደጋችንን ይህን ያህል ከፍ ያደረገው ምንድን ነው? ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የተተከሉ መሣሪያዎች መልሱን ለመፈለግ ረድተዋል። ሞገዶች በኢትዮጵያ ሥር ባለው ማንትል ውስጥ ሲያልፉ ከተለመደው ይልቅ ይዘገያሉ። መዘግየታቸው ማንትሉ እጅግ ትኩስ መሆኑን ያመለክታል። ትኩስ ነገር ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደጋ የቆመው እንደ ቲቤት በጥልቅ ሥር ብቻ ሳይሆን ከታች በሚደግፈው ሙቀት ጭምር ነው።

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መካከል

ከነዚያ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. ከተተከሉት መሣሪያዎች ሁለቱ የጎጃም ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ አንዱ በባሕር ዳር። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ሙሉጌታ ዱግዳ ከፔንሲልቬኒያ ባልደረቦቹ ጋር በሁለተኛው መንገድ፣ ማለት በመብረቅና በነጎድጓዱ ዘዴ፣ የነዚህንና የሌሎቹን ጣቢያዎች መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አሳተመ። በሁለቱ ደጋዎች ሥር ያለው ቅርፊት ከ33 እስከ 44 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እርሱና ባልደረቦቹ የደጋው ቅርፊት በእሳተ ገሞራው ዘመን እምብዛም ያልተለወጠ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተገነባው ጥንታዊ ቅርፊት ነው ወደሚለው አስተሳሰብ አዘነበሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። በዚያው ዓመት የንስሩ ጥናት ሰዎች በቅርፊቱ ሥር 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ ንጣፍ አለ ሲሉ፣ እነዚህ ደግሞ ቅርፊቱ ብዙም አልተለወጠም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የታወቁ ጠበብት ናቸው። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው በረዥም መስመር፣ ሁለተኛው በተበታተኑ ነጥቦች ስለ ለኩ፣ የሰሙትም ሞገድ የተለያየ ስለሆነ ነው። በመስመር የለካ ሰው መስመሩ ያልደረሰበትን አገር አያይም። በነጥብ የለካ ሰውም በነጥቦቹ መካከል ያለውን በግምት ይሞላል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ ቢለካ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ክፍተት ዙሪያ ጮቄ አለ፤ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አሉ፤ ፈጣምና ብር ወደ ዓባይ የሚወርዱበት ሸለቆ አለ፤ የግሽ ዓባይ ምንጭ አለ። ሁለት ነጥብ ይህን ሁሉ ሊሥል አይችልም።

ለአጎቴ የተሰጠ መልስ

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቡሬ ስልክ ደወልሁ። አጎቴ ጤናቸው ተመልሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጥያቄ አንብቤዋለሁ» አልኋቸው።

«እስቲ ንገረኝ።»

ያልኋቸውን ባጭሩ እነሆ። በኢትዮጵያ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱ በሳሳበትና በሚሰነጠቅበት በስምጥ ሸለቆው፣ በአፋርና በዳርቻው ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ምድር ተከፍታ፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቃለች። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከፈንታሌ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ከሥራቸው ያለውም ቅርፊት ወፍራም ነው። ስለዚህ ሥጋቱ ከስምጥ ሸለቆው ሕዝብ ሥጋት ጋር የሚተካከል አይደለም። ነገር ግን ጸጥታ ዋስትና አይደለም። የአገራችን የሕንፃ ደረጃ አገሪቱን በሥጋት መጠን ከፋፍሎ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ፎቅ የሚሠራ ሰው ዓምዱንና ወራጁን በሚገባ ብረት አስሮ ቢሠራ ገንዘቡ ከንቱ አይሆንም።

«ከዚህ ይልቅ» አልኋቸው፣ «ለአንቱ ቤት ቅርቡ አደጋ ከ45 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ሳይሆን ከ2 ሜትር በታች ያለው ነው። ቦታው ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ብዙ ቤት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። መሠረት ሳያስቆፍሩ አፈሩን ያስመርምሩ።»

አጎቴ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ያን ዋልካውንስ እኔም አውቀዋለሁ፤ የመንግሥት ሰውም መጥቶ አላየልኝም። ፈቃዱን ብቻ ሰጥቶኝ ሄደ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እነዚያ በደብረ ማርቆስ ተተከሉ ያልኻቸው መሣሪያዎች አሁንም ይሰማሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ተነሥተዋል ጋሼ። ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር የተተከሉት።»

«ታዲያ የሰሙትን ማን ዘንድ አለ?»

በዚህ ጥያቄ ልደምድም። መሣሪያዎቹ የሰሙት ነገር አልጠፋም። በአሜሪካ በሚገኝ የሴይስሞሎጂ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ለማንኛውም መርማሪ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ሁሉ ያለ ዋጋ ሊወስደው ይችላል። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። በነርሱ ያለ አንድ የፊዚክስ ወይም የጂኦሎጂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲፈልግ፣ በሌላ አገር ሰው የተጻፈውን ከመገልበጥ ይልቅ፣ የገዛ አገሩ ምድር የተናገረችውን ቃል ወስዶ ቢመረምር ምን ይከለክለዋል? በሁለቱ የጠበብት ወገኖች መካከል ያለውን ክርክር የሚፈርደው ከጮቄ ሥር የተወለደ ልጅ ቢሆን የሚያስደንቅ አይሆንም።

በመሥሪያ ቤት ላለ ወጣት ሹምም ቃል አለኝ። የሕንፃ ፈቃድ ወረቀት ላይ የምናሳርፈው ማኅተም ከበታቹ አፈር አለው፤ ከአፈሩም በታች ዐለት አለ። እርሻ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ መንገድና ድልድይ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። የምናስተዳድረውን ምድር ላዩን ብቻ አውቀን ውስጡን ሳንጠይቅ መቅረት፣ አጎቴ እንዳሉት ፈቃዱን ብቻ ሰጥቶ እንደ መሄድ ነው።

አጎቴ ቤቱን ለመሥራት ወስነዋል። አስቀድመው ግን አንድ መሐንዲስ ፈልገው አፈሩን አስቆፍረው ሊያሳዩ ነው። ሌላውን፣ ማለት የ45ቱን ኪሎ ሜትር ነገር፣ «እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ» ብለውኛል።